ጅማ ላይ ሆኖ የበረዶ መጥረጊያ ሀይድሮሊክ መማር

ጥያቄ፦ «የ21 ዓመት ልጅ ነኝ። ጅማ በፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ አውቶሞቲቭ እማራለሁ። ካናዳ ያለው አጎቴ መኪና ፊት ላይ የሚገጠም የበረዶ መጥረጊያ የሚጠግን ጋራዥ ውስጥ ይሠራል። የሀይድሮሊክ፣ ማለትም በዘይት ግፊት የሚሠራ ክፍል፣ ብልሽት መፈለጊያ ማኑዋል ላከልኝ፤ እሱን እያነበብኩ ነው። ጓደኞቼ ‹ጅማ ላይ በረዶ ልትጠርጊ ነው?› እያሉ ይስቁብኛል። ጊዜዬን እያባከንኩ ነው?»

እህቴ፣ አላባከንሽም። የኛ በረዶ ቆርቆሮ ይደበድባል፣ የቡና አበባ ያረግፋል እንጂ መንገድ ዘግቶ አያውቅም። መጥረጊያውን ጅማ ላይ አታዪውም። ማኑዋሉ ውስጥ ያሉት ዕቃዎች ግን ሁሉም እዚሁ አሉ።

መጥረጊያውን እስቲ እንየው። በብዛት የሚታየው ዓይነት ከመኪናው ባትሪ የሚሠራ ባለ 12 ቮልት ሞተሪኖ አለው። ሞተሪኖው ትንሽ ፓምፕ ያዞራል። ፓምፑ ከታንከሩ ዘይት ይስባል። በሶሌኖይድ፣ ማለትም ኮረንቲ ሲደርሰው ማግኔት በሚሆን ኮይል፣ የሚከፈቱ ቫልቮች ዘይቱን ወደ ማንሻው ሲሊንደር ወይም ግራና ቀኝ ወደሚያዞሩት ሲሊንደሮች ይልካሉ። በቃ ይኸው ነው። እዚሁ ጅማ አጂፕ በኩል አሸዋ ጭኖ የሚያልፈው ገልባጭ ፓምፑን የሚያዞረው በሞተሩ ኃይል፣ በካምቢዮ በኩል ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ዘይት፣ ቱቦ፣ ቫልቭና ሲሊንደር ሥራው አንድ ነው። ሎደሩም ፎርክሊፍቱም እንደዚያው። ስሌቱም አገር አይለይም፦ የውስጥ ስፋቱ 50 ሚሊሜትር የሆነ ሲሊንደር በ100 ባር ግፊት ወደ 2 ቶን ይገፋል።

ከማኑዋሉ የምትወስጂው ትልቁ ነገር የፍለጋው ቅደም ተከተል ነው። መጥረጊያው አልነሳ አለ እንበል። ሞተሪኖው ካልዞረ ዘይቱን ተዪው፤ ባትሪውን፣ ተርሚናሉን፣ ማሳውን (ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ የሚመለሰውን ሽቦ) እዪ። ቮልቴጁን የምትለኪው ደግሞ ሰው ቁልፉን ተጭኖ እያለ ነው። የዛገ ማሳ ሥራ ሳይኖር 12 ቮልት ያሳይሽና ሞተሪኖው ኃይል ሲጠይቅ ይወድቃል። ሞተሪኖው እየዞረ መጥረጊያው ካልተነሳ የዘይቱን መጠን እዪ፣ ቀጥሎ ፊልተሩን፣ ከዚያ ቫልቮቹን። የካቻቪቴሽን ጫፍ ወደ ሶሌኖይዱ አስጠጊና ቁልፉን አስነኪ። ሳብ ካደረገው ኮረንቲ ደርሷል፤ ቫልቩ ግን ቆሻሻ ይዞት ሊሆን ይችላል። ካልሳበው ጎን ካለው ተመሳሳይ ኮይል ጋር አቀያይሪው። ችግሩ አብሮ ከዞረ ኮይሉ ነው። ካልዞረ ሽቦውን ተከተዪ። ግፊት በጌጅ ይለካል። ፓምፕ የሚፈታው መጨረሻ ላይ ነው።

ይህን የምለው ስላየሁ ነው። ከምክር ሥራ በፊት ጋራዥ እሠራ ነበር። አንድ ገልባጭ መጣ፤ ሳጥኑ በግድ ይነሳል፣ ፓምፑ ይጮኻል። ፓምፑ ነው ተባለና ባለመኪናው አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ አዲስ ገዛ። ተገጠመ። ያው ጩኸት! አንድ አንጋፋ መካኒክ የታንከሩን ክዳን ከፍተው በስልክ መብራት አዩ። ዘይቱ እንደ ጠላ አረፋ ደፍቋል። ከታንከር ወደ ፓምፕ የሚሄደው ቱቦ ማሰሪያው ላልቶ አየር ይስብ ነበር። በካቻቪቴ ሁለት ዙር አጠበቁት። አረፋው ሲጠፋ ጩኸቱም ጠፋ። ባለመኪናው ማሰሪያውን ዝም ብሎ ሲያይ ፊቱ እስካሁን ይታየኛል።

ዘይት ብዙ ይናገራል። ማኪያቶ ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል። በካናዳ ብርድ ያ ውሃ ይረጋና ቫልቭ ይዘጋል። እኛ ጋ ዝናቡ ብዙ ወር ነው፤ ውሃውና ጭቃው በክዳኑ በኩል ገብቶ ዝገት ያመጣል፣ ፓምፕ ይበላል።

አንድ ነገር ግን በጣም አደራ። የሚያፈስ ቱቦ በእጅሽ አትዳብሺ። በመርፌ ቀዳዳ የሚወጣ ዘይት ጓንት በስቶ ከቆዳ ሥር ይገባል። ቁስሉ ነጥብ መስሎ ጣት ያስቆርጣል፤ በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት መኬድ አለበት። ካርቶን አስጠጊ፣ እሱ ላይ ያሳይሻል። ከተነሳ ሳጥን ሥርም ድጋፍ ሳይገባ እንዳትገቢ፣ አለቃሽ ቢያዝሽም።

ወደ ሥራው ስንመጣ፣ የትብብር ሥልጠናሽን ትናንሽ መኪና ብቻ በሚሠራ ጋራዥ አትጨርሺው። ገልባጭና ሎደር ያለው የመንገድ ሥራ ተቋራጭ ወይም ፎርክሊፍት ያለው መጋዘን ጠይቂ። ሲኦሲሽንም፣ የሙያ ብቃት ምዘና ሰርተፍኬቱን፣ አታዘግዪ። ካናዳ የከባድ መሣሪያ ቴክኒሽያን ሬድ ሲል የሚባለው የብቃት ማረጋገጫ ያለው ሙያ ነው፤ አንድ ቀን ልትደርሺበት ትችያለሽ። ግን በእጅሽ የሠራሽውን ሥራና ማኑዋል አንብቦ የሚረዳ እንግሊዝኛ ይዘሽ ነው። ለደላላ አንድ ብር እንዳትከፍዪ።

ደብተርም ያዢ። ለእያንዳንዱ ብልሽት ምልክቱን፣ መጀመሪያ የጠረጠርሽውን፣ በመጨረሻ የተገኘውን ጻፊ። ቀጣሪ ሲጠይቅሽ ከሰርተፍኬትሽ ጋር እሱን አሳዪው። አጎትሽንም ዛሬ ማታ ደውለሽ «ባለፈው ብርድ ደጋግሞ የመጣብህ ብልሽት የቱ ነው? እንዴትስ አገኘኸው?» በዪው። መልሱ የመጀመሪያው ገጽ ይሁን።