ዝናብ በጠፋበት ነሐሴ ናሮውቦት እንከራይ ወይስ እንተወው?

እንግሊዝ፣ ሊድስ ያለሽው እህታችን፣ ጥያቄሽን አየሁት። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ናሮውቦት (የሚታደርበት ረጅምና ጠባብ ጀልባ) ተከራይታችሁ ከልጆቹ ጋር አንድ ሳምንት ካናል (ሰው የቆፈረው የጀልባ ውሃ መንገድ) ላይ ልታሳልፉ አስባችኋል። ዝናብ ጠፍቶ ካናሎች እየተዘጉ ስለሆነ ግን «ልሰርዘው?» ብለሻል። እኔና ባለቤቴ በደረቁም በዝናቡም ዓመት ወጥተናል። አትሰርዢው፤ መስመሩን ግን ቀይሪ።

ብዙ ሰው መስመር የሚመርጠው ፎቶ አይቶ ነው። እንዲህ ባለ ዓመት ግን መጀመሪያ የሚጠየቀው ውሃው ከየት እንደሚመጣ ነው። ካናል ኮረብታ ሲያቋርጥ ጀልባዋ በሎክ ትወጣለች፣ በሎክ ትወርዳለች፤ ሎክ ማለት ከፊትና ከኋላ በር ያለው፣ ውሃ እየተሞላና እየተለቀቀ ጀልባዋን ከፍ ዝቅ የሚያደርግ ክፍል ነው። አንድ ጠባብ ሎክ አንዴ ሲሠራ ከ100,000 ሊትር በላይ ውሃ ወደ ታች ይሄዳል። የሚተካው ኮረብታው ላይ ካሉ የድሮ ግድቦች ነው። ግድቡ ሲጎድል ካናሎቹን የሚያስተዳድረው ካናል ኤንድ ሪቨር ትረስት ሎኮቹን ይቆልፋል። አንቺ ያሰብሽው የሊድስና ሊቨርፑል ካናል የፔናይን ተራሮችን ስለሚያቋርጥ ቶሎ ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ2022 ብዙው ክፍሉ ተዘግቶ ነበር፤ በ2025ም ያው ነበር። እሱን ለሌላ ዓመት አቆዪው።

በምትኩ የላንጎለንን ካናል እዪ፤ ከእንግሊዝ ተነስቶ ዌልስ የሚገባውን። ውሃው የሚጠለፈው ከዲ ወንዝ ነው፣ ላንጎለን ከተማ አጠገብ ሆርስሹ ፎልስ ከሚባል ቦታ። ካናሉ ሃርልስተን ላለው የመጠጥ ውሃ ማጠራቀሚያም ውሃ ያደርሳል። ስለዚህ ሌላው ሲደርቅ እሱ ብዙ ጊዜ ይቋቋማል። ከዊትቸርች ወደ ላንጎለን ብትሄዱ ደግሞ ያሉት ሎኮች ሁለት ብቻ ናቸው። ለጀማሪ ቤተሰብ ትልቅ እፎይታ ነው። መንገድ ላይ እ.ኤ.አ. በ1805 የተከፈተው ፖንትከሰልቴ የሚባል፣ ካናሉን የተሸከመ ድልድይ አለ። ጀልባዋ 38 ሜትር ከፍታ ላይ፣ በብረት ገንዳ ውስጥ ሆና ወንዙን ትሻገራለች። በእግረኛው መንገድ በኩል አጥር አለ፤ በሌላው በኩል ምንም የለም! ልጆቹን ያኔ ውስጥ አስገቧቸው። ባለቤቴ እዚያ ስትደርስ ሁሌም ሻይ ለማፍላት ትገባለች።

ችግሩ፣ ይሄን ያሰበው ሌላውም ሰው ነው፤ በነሐሴ ይጨናነቃል። ድልድዩን እንደተሻገራችሁ ካለችው ትሬቨር ወዲያ ሁለት ጀልባ የማያሳልፉ ጠባብ ቦታዎች ስላሉ አንድ ሰው በእግር ቀድሞ መጪ መኖሩን ይይ።

ስለ አነዳዱ ደግሞ፦ ዳር ዳሩ ደለል ስለሆነ መሃል መሃሉን ያዙ። ሌላ ጀልባ ሲመጣ ብቻ ወደ ቀኝ ውጡና አሳልፋችሁት ተመለሱ። የፍጥነት ወሰኑ በሰዓት 4 ማይል ነው፤ ውሃው ሲያንስ እሱም ይበዛል። ነዳጅ በሰጠሻት ቁጥር ኋላዋ ወደ ታች ይጎተትና ጭቃ ይነካል። ከተያዛችሁም ወደ ፊት አትታገሉ። በመጣችሁበት ወደ ኋላ ውጡ፤ ሁሉም ሰው ካልተያዘው ጎን ይቁም። ፕሮፔለሩ ላይ አረም ወይም ፌስታል ሲጠመጠም ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቁልፉ ኪስ ከገባ በኋላ ብቻ እጅ ይግባ።

ሎክ ላይ ከፊት የሚመጣ ጀልባ ካለና ውሃው ለእሱ የተዘጋጀ ከሆነ ጠብቁት፤ አንድ ሎክ ሙሉ ውሃ ታተርፋላችሁ። ከሎኩ ስትለቁ የውሃ ማፍሰሻዎቹ መዘጋታቸውን አረጋግጡ። አንዱ ተከፍቶ ካደረ ጠዋት ከላይ ያለው ካናል ጭቃ ሆኖ ይጠብቃችኋል። ስትወርዱ ጀልባዋን ከላይኛው በር ሥር ካለው ደረጃ አርቋት፤ ወሰኑ ግድግዳው ላይ ተቀብቷል። ኋላዋ እዚያ ላይ ከቀረ ጀልባዋ ትሰምጣለች፣ ቀልድ አይደለም። ማታ ስታስሩ ገመዱን ትንሽ ላላ አድርጉት፤ አለበለዚያ ሌሊት ውሃው ዝቅ ካለ ጀልባዋ ወደ ጎን ዘንበል ብላ ታድራለች።

አገር ቤት ነሐሴ ጎርፍ ነው። እዚህ በነሐሴ ሰው ዝናብ ሲለምን ማየት አሁንም ይገርመኛል።

ገንዘብ ከመክፈልሽ በፊት አከራዩን በኢሜይል ጠይቂ፦ መስመሩ ቢዘጋ ብሩ ይመለሳል ወይስ ወደ ሌላ መነሻ ያዛውሯችኋል? መልሱን በጽሑፍ ያዢ። የትረስቱ የመዝጊያ ማስታወቂያም በኢሜይል እንዲደርስሽ ተመዝገቢ። መንጃ ፈቃድ አያስፈልግም፤ ሲያስረክቧችሁ ያሳዩአችኋል። የልጆቹን ኪሎ ቀድመሽ ንገሪያቸውና ልካቸው የሆነ ላይፍ ጃኬት ያዘጋጁ።