ከጎረቤት የተረፈ ሲፕሮ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ሽንት ናቸው። ከደሴም ከኮምቦልቻም፣ ከሴትም ከወንድም። ስም አናወጣም፣ አትፍሩ። ብዙ ደብዳቤ ላይ ግን አንድ ነገር አለ፤ ጠያቂው ጤና ጣቢያ ሳይደርስ በፊት አንድ ሰው የሆነ ክኒን አቀብሎታል። አብራ የምትኖር ልጅ፣ የመኪና ረዳት። ክኒኑ ደግሞ ብዙ ጊዜ ያው ሲፕሮ የሚባለው የባክቴሪያ መድኃኒት ነው። የሚያቃጥለው ሽንት ግን ለሁሉም አንድ ዓይነት አይደለም፣ ስለዚህ በየተራ እንሂድ።

«ኮምቦልቻ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ነው የምሠራው፣ 23 ዓመቴ ነው። ሽንቴ ያቃጥለኛል፣ ቶሎ ቶሎ ይመጣል፣ ስሄድ ግን ጠብ ብሎ ይቆማል። በዚህ ዓመት ብቻ አራተኛዬ ነው። አብራኝ የተከራየችው ልጅ የተረፋት ሲፕሮ አላት፣ ሁለት ቀን እውጥና ሲተወኝ አቆማለሁ። ሥራ ላይ ሽንት ቤት ላለመመላለስ ስል ውሃ አልጠጣም። እናቴ ብርድ መቶሽ ነው ትለኛለች።»

አብሽሪ እህቴ፣ የሚድን ነገር ነው። የጻፍሽው የሽንት ፊኛ ኢንፌክሽን ይመስላል። ከሴቶች ግማሽ ያህሉን በሕይወታቸው ቢያንስ አንዴ ይይዛቸዋል። ቆሻሻ ስለሆንሽ የመጣ ነገር አይደለም። የሴት የሽንት ቧንቧ አጭር ነው፣ 4 ሳንቲ ሜትር ገደማ፤ የወንድ እስከ 20 ይደርሳል። ኢ. ኮላይ የሚባለው ባክቴሪያ አንጀታችን ውስጥ ተስማምቶን ይኖራል፣ ከፊንጢጣ አካባቢ ተነስቶ ያቺን አጭር መንገድ ወጥቶ ፊኛ ውስጥ ሲገባ ነው ጠላት የሚሆነው። ከአራት የፊኛ ኢንፌክሽን ሦስቱ ወይም ከዚያ በላይ የእሱ ሥራ ነው።

እናትሽን አክብሬ ነው የምለው፣ ብርድ ባክቴሪያ አይሆንም። ጦሳ ተራራ ላይ ጉም ሲወርድ ደሴ እንዴት እንደሚበርድ የማያውቅ የለም፣ ሲበርድ ደግሞ ውሃ የሚጠጣ ሰው የለም፣ ሽንትም ወፍሮ ፊኛ ውስጥ ይቆያል። የእናቶቻችን ነገር ከዚህ የመጣ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ሲፕሮው። «ሲተወኝ አቆማለሁ» ያልሽው ላይ ነው ችግሩ። ቃጠሎው በአንድ ሁለት ቀን ይበርዳል፣ ባክቴሪያው ግን ሁሉም አልሞተም። የተረፈው ለሚቀጥለው ጊዜ መድኃኒቱን ለምዶ ይጠብቅሻል። ሌላው ደግሞ ሲፕሮ ለቀላል የፊኛ ኢንፌክሽን መጀመሪያ የሚሰጥ መድኃኒት መሆን የለበትም። አልፎ አልፎ ጅማትና ነርቭ ይጎዳል፤ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በፈረንጆቹ 2016 ሌላ አማራጭ ላለው ታካሚ ለዚህ ዓይነት ቀላል ኢንፌክሽን እንዳይሰጥ አስጠንቅቋል። አማራጭ ደግሞ አለ። ለምሳሌ ናይትሮፉራንቶይን ብዙ ጊዜ ለ5 ቀን ከምግብ ጋር ይታዘዛል። ሽንትሽን ቡናማ ቢያደርገው አትደንግጪ፣ ጸባዩ ነው። ግን እሱም በሐኪም ትዕዛዝ ነው፤ ኩላሊቷ ለደከመ ሰው አይሆንም፣ ኢንፌክሽኑ ኩላሊት ከደረሰም አይሠራም።

ላንቺ ግን ከክኒኑ በፊት ምርመራው ይቀድማል። በ6 ወር ሁለቴ፣ ወይም በዓመት ሦስቴ ከያዘሽ «ተመላላሽ» ይባላል፣ አንቺ ደግሞ አልፈሻል። ካልቸር እንዲሠራልሽ ጠይቂ፤ ሽንትሽ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ላቦራቶሪ ውስጥ ይበቅላል፣ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው ይታያል። ውጤቱ ሁለት ሦስት ቀን ይወስዳል። ስኳርም ተለኪ፣ እርግዝና የሚያጠራጥርሽ ከሆነ ሳትደብቂ ተናገሪ፣ መድኃኒቱን ይቀይረዋል።

ስለ ሽንት አሰጣጥ አንድ ነገር ልበል፣ ማንም አያስረዳንምና። ኩባያውን ይሰጡናል፣ «ሽንት ቤቱ በዚያ ነው» ይሉናል፣ አለቀ። ቤቱ ራቅ ያለ ሰው ደግሞ ጠዋት የሸናውን በሃይላንድ ይዞ ይመጣል፣ ተራ እስኪደርሰው ሦስት ሰዓት ኪሱ ውስጥ ይሞቃል። ያ ሽንት ውስጥ ባክቴሪያ ቢገኝ ከሰውየው ይሁን ከሃይላንዱ ማን ያውቃል? ትክክለኛው እንዲህ ነው። በውሃ ታጠቢ። የመጀመሪያውን ሽንት ወደ መጸዳጃው ልቀቂው፣ ሳታቋርጪ መሃሉን በተሰጠሽ ኩባያ ተቀበዪ፣ የመጨረሻውን ተዪው። የኩባያውን ውስጥ በጣትሽ አትንኪ። ወዲያው አስረክቢ።

ውሃ። በፈረንጆቹ 2018 የታተመ አንድ ጥናት ላይ እንዳንቺ የሚመላለስባቸውና ውሃ የማይወዱ 140 ሴቶች ነበሩ። ግማሾቹ ከለመዱት ላይ በቀን 1.5 ሊትር ጨመሩ። በዓመቱ ውስጥ እነሱን የያዛቸው ኢንፌክሽን ከሌሎቹ በግማሽ ያህል ቀነሰ። ክኒን የለ፣ ምን የለ። 1.5 ሊትር ማለት ግማሽ ሊትሯ ሃይላንድ ሦስት ጊዜ ናት፤ አንዷን ሥራ ከመግባትሽ በፊት፣ አንዷን ምሳ ላይ፣ አንዷን ቤት ስትገቢ። ሲመጣ ደግሞ ሂጂ፣ አትያዢው። አለቃሽ ፊቱን ካጠቆረ የሐኪም ወረቀት አሳዪው፤ እኔ ግን ሽንት ለመሽናት ወረቀት የሚያስፈልግበት ሥራ ቦታ ያናድደኛል።

ሌላው፣ ስትታጠቢም ስትጠርጊም ከፊት ወደ ኋላ። ወሎ ውስጥ ብዙዎቻችን በውሃ ነው የምንጸዳዳው፣ ጥሩ ነው፣ እጅ ከኋላ ወደ ፊት እንዳይመጣ ብቻ። ብልት ውስጥ ሳሙናም ዴቶልም አይገባም፤ የሚከላከሉልሽን ጥሩ ባክቴሪያዎች ትገድያቸዋለሽ። የግብረ ሥጋ ግንኙነት ካለሽ ከዚያ በኋላ ቶሎ ሽኚ። ማሳከክና እርጎ የመሰለ ነጭ ፈሳሽ ካለሽ ደግሞ ያ ሌላ ነው፣ ፈንገስ ሊሆን ይችላል፣ ሲፕሮ ጭራሽ ያብሰዋል።

ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ከጎድን ሥር በአንድ በኩል ጀርባሽን መውጋት፣ ማስመለስ ከመጣ ግን ካልቸርም ተራም አትጠብቂ። በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ኩላሊት ደርሷል ማለት ሊሆን ይችላል።

«ረመዳን ላይ ሁሌ ይነሳብኛል። ጾሙን ልተው?» (ከደሴ)

ቀን ያልጠጣሽውን ማታ መጠጣት ትችያለሽ። ከኢፍጣር እስከ ሱሁር ድረስ በየመሃሉ እየከፋፈልሽ ጠጪ፣ ሱሁር ላይ አንድ ጆግ በአንዴ መገልበጥ ብዙም አይረባም፣ ከሰዓት በፊት ትሸኚዋለሽ። ቡናውን ቀነስ አድርጊው። ትኩሳት ካለሽ ወይም መድኃኒት በቀን ሦስት አራት ጊዜ ከታዘዘልሽ ግን ታመሻል፣ ለታመመ ደግሞ ሃይማኖቱ ራሱ ፈቅዷል።

«የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ምንም አያመኝም። ክትትል ላይ ሽንትሽ ባክቴሪያ አለው ብለው መድኃኒት አዘዙልኝ። አማቴ ያላመመሽን ምን ያስውጥሻል፣ ልጁን ትጎጂዋለሽ፣ አብሽና ተልባ ጠጪ አሉኝ።» (ከደሴ፣ ሆጤ)

እማማ የልጅ ልጃቸውን ማሰባቸው ነው፣ አትቀየሚያቸው። በሌላ ጊዜ ቢሆን እኔም ከሳቸው ጋር እቆም ነበር፤ ምንም ያላመመው ሰው ሽንቱ ውስጥ ባክቴሪያ ስለተገኘ ብቻ አይታከምም። እርግዝና ግን ይለያል። ማህፀን ሲያድግ የሽንት መስመሩን ይጫናል፣ የእርግዝና ሆርሞንም መስመሩን ያላላዋል፣ ሽንቱ ይተኛል፣ ዝም ያለው ባክቴሪያ ሳታስቢው ኩላሊት ይወጣል። ያ ሲሆን እናት ክፉኛ ትታመማለች፣ ልጅም ያለ ጊዜው ሊወለድ ይችላል። ከ100 ነፍሰ ጡሮች ከ2 እስከ 10 የሚሆኑት እንዳንቺ ምንም ሳያማቸው ይገኝባቸዋል፣ ክትትል ላይ ሽንት የሚታየውም ለዚህ ነው።

ለነፍሰ ጡር የሚሆኑ መድኃኒቶች አሉ። ሲፕሮና ዶክሲሳይክሊን ከነሱ ውስጥ አይደሉም፣ ናይትሮፉራንቶይንም መውለጃ ሲቀርብ አይሰጥም። የታዘዘልሽን ጨርሺ፣ ከጨረስሽ በኋላ ሽንትሽ ድጋሚ ይታይ። ይኼን ብዙዎች ይረሱታል። ተልባው ፈሳሽ ስለሆነ ከውሃሽ ላይ ተደምሮ ይጠቅም ይሆናል፣ ባክቴሪያ ግን አይገድልም። አብሹን ለጊዜው ተዪው፤ በመድኃኒት መልክ አብዝቶ መጠጣት ለነፍሰ ጡር አይመከርም።

«ከኮምቦልቻ በባቲ ሚሌ፣ ጅቡቲ ነው የምመላለሰው፣ ከባድ መኪና። ስሸና እንደ ሚጥሚጣ ያቃጥለኛል፣ ጠዋት መግል የመሰለ ነገር ይወጣል። ረዳቴ ፀሐይ ያጋለው ድንጋይ ላይ ሸንተህ ነው ብሎ ካፕሱል ገዛልኝ። ባለቤቴ ምንም የላትም።»

ወንድሜ፣ ድንጋዩን ተወው። መግል ካለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ጨብጥ ነው፣ አብሮትም ክላሚዲያ የሚባለው ሌላ የአባላዘር በሽታ። ጨብጥ ከግንኙነት በኋላ ብዙ ጊዜ በሳምንት ውስጥ ራሱን ያሳያል። አልፈርድብህም፣ መንገድ ረጅም ነው። ግን በካፕሱል አታባብለው። ጨብጥ ድሮ የሚሞትባቸውን መድኃኒቶች ዛሬ ብዙ ቦታ ለምዷቸዋል፣ ሲፕሮም አንዱ ነው። ጤና ጣቢያ መርፌ ይሰጡሃል፣ ለክላሚዲያው የሚዋጥ ይጨምሩልሃል። ቂጥኝና ኤችአይቪም በዚያው ተመርመር።

ከባዱ ክፍል ባለቤትህ ናት። «ምንም የላትም» ብለሃል፤ ብዙ ሴቶች ላይ ምልክት አያሳይም፣ ውስጥ ለውስጥ ግን የማህፀን ቱቦ ሊዘጋ፣ መካንም ሊያደርግ ይችላል። አንተ ብቻህን ብትታከም ተመልሰህ ከሷ ትይዛለህ። መናገር አለብህ። ብቻህን ካቃተህ ባለሙያው ፊት ንገራት፣ እንዲህ ማድረግ የተለመደ ነው። ሁለታችሁም ታክማችሁ 7 ቀን እስኪሞላ ግንኙነት የለም።

ምርመራው ጨብጥ የለም ካለ ደግሞ የወንድ የሽንት ኢንፌክሽን ዝም ብሎ አይመጣም፣ ፕሮስቴት (ከፊኛ ሥር ያለው የወንድ ዕጢ) ወይም ጠጠር ይፈለጋል። በዚያ በሚሌ ሐሩር ውሃ ሳይጠጡ፣ ሽንት ይዞ ጫት እየቃሙ መንዳት ለጠጠር የተመቸ ነው። ሌላም አለ፤ ታችኛው አዋሽ አካባቢ ውሃ ውስጥ ገብተህ የምትታጠብ ከሆነና መጨረሻ ላይ ደም ከሸናህ ለሐኪሙ ንገረው፣ እዚያ የሽንት ቢልሃርዚያ፣ ከውሃ የሚይዝ ጥገኛ ትል፣ አለ። መድኃኒቱም ሌላ ነው።

«የሦስት ዓመት ልጄ ትኩሳት አላት፣ ታስመልሳለች። ታይፎይድ ነው ተብሎ ታከመች፣ ለቀቃት፣ ተመልሶ መጣ።» (ከደሴ፣ ሸዋ በር)

ሽንቷ ታይቷል? አልጻፍሽም። ትንሽ ልጅ «ያቃጥለኛል» አትልም፣ ታተኩሳለች፣ ታስመልሳለች፣ ምግብ ትጠላለች፣ መሽናት ፈርታ ታለቅሳለች ወይም አልጋ ላይ መሽናት ትጀምራለች። ምክንያቱ ያልታወቀ ትኩሳት ያለባት ልጅ ሽንቷ መታየት አለበት። እኛ ጋ ትኩሳት ያለው ሰው ሁሉ «ታይፎይድና ታይፈስ» ተብሎ ይወጣል፤ አንዴ በተሠራ ዊዳል በሚባለው የደም ምርመራ ብቻ ታይፎይድ ነው ማለት እንደማይቻል ላቦራቶሪዎቹም ያውቁታል። ዛሬውኑ ውሰጃት፣ «ሽንቷን እዩልኝ» በይ። ሆድ ድርቀት ካለባትም ተናገሪ፣ የሞላ አንጀት ፊኛን ይጫናል፣ ሽንቷን ጨርሳ እንዳትሸና ያደርጋል።

«አባቴ 72 ዓመታቸው ነው፣ ቦሩ ሜዳ ነው የሚኖሩት። ሌሊት አራት አምስት ጊዜ ይነሳሉ፣ ሽንቱ ቀጥኖ ይንጠባጠባል፣ ይሸታል። በየወሩ የኢንፌክሽን መድኃኒት እገዛላቸዋለሁ።»

መድኃኒቱን አቁምና አባባን አስመርምራቸው። የነገርከኝ ያበጠ ፕሮስቴት ይመስላል። ፊኛው ሙሉ በሙሉ ካልተራገፈ የቀረው ሽንት ውስጥ ባክቴሪያ ይራባል፤ መተላለፊያው እስካልተከፈተ ድረስ አንተ በየወሩ ትገዛለህ፣ እሱ በየወሩ ይመለሳል። ሽታ ብቻውን ደግሞ ኢንፌክሽን አይደለም፣ ውሃ ያነሰው ሽንት ሁሉ ይሸታል። አልትራሳውንድ ከሸኑ በኋላ ምን ያህል እንደሚቀር ያሳያል። ፕሮስቴት የሚያላላ ክኒን አለ፣ ብዙዎች በሱ ይሻላቸዋል።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ። ቦሩ ሜዳ ይበርዳል፣ ጉንፋን አይጠፋም፣ አንዳንድ የጉንፋን ክኒኖች ደግሞ ፕሮስቴት ያለበትን ሰው ሽንት ጭራሽ ይዘጉታል። ሽንቱ ከቆመና እምብርታቸው ሥር ከተወጠረ ይንጋ ሳትል በሌሊት ሆስፒታል አድርሳቸው። ለምርመራው ስትሄዱ ደግሞ የሚውጡትን ሁሉ፣ የግፊቱንም የጉንፋኑንም አንተ የገዛህላቸውንም፣ በአንድ ፌስታል ይዘህ ሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ ዘርግፈው።