ጭቃ የሚተፋ ኮብልስቶን

ጥያቄው የመጣው ከደሴ፣ ከሆጤ ነው። ጠያቂያችን መንገድ ሲታደስ የተነሳ አሮጌ ኮብልስቶን ገዝቶ ከግቢው በር እስከ መኪና ማቆሚያው አስነጠፈ። ክረምት ሲገባ የጎማው መስመር ሰመጠ። ሠራተኞቹ ተመልሰው ሲሚንቶ በጥብጠው መገጣጠሚያውን ሞሉለት። ነሐሴ ላይ ሲሚንቶው ተሰነጣጠቀ። ዝናቡ ካባራ ከሁለት ቀን በኋላ እንኳ መኪና ሲገባ ከድንጋዮቹ መሃል ጭቃ ውሃ ይፈናጠራል። በቁልቁለቱ በኩል ያሉት ድንጋዮች ደግሞ ወደ ውጭ ተንሸራተዋል። «ድንጋዩ አርጅቶ ይሆን? አዲስ ልግዛ?» ይላል።

ወንድሜ፣ አትግዛ። ድንጋይህ ባዛልት ነው፤ አንተንም ልጆችህንም ያገለግላል። እኔን የያዘኝ ያ የሚፈናጠረው ጭቃ ነው። ዝናቡ ካቆመ ከሁለት ቀን በኋላ ከስር ውሃ ካለ፣ ከላይ ከተዳፋቱ ወይ ከጣሪያህ አሸንዳ ውሃ እየገባ ነው፣ መውጫም የለውም። አሸንዳህ የት እንደሚያፈስ ዛሬውኑ እየው። ንጣፉ ላይ ከሆነ ግማሹን ነገር አገኘኸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮብልስቶን ጥንካሬውን የሚያገኘው ከሲሚንቶ አይደለም። አንድ ድንጋይ ብቻውን መኪና አይሸከምም። ጎማ ሲጫነው በመገጣጠሚያው የተጠቀጠቀው አሸዋ ጎረቤቶቹን ያስይዘዋል፤ ሸክሙ ተከፋፍሎ ከስር ወደተጠቀጠቀው ድንጋያማ አፈር፣ ወደ ገረጋንቲው፣ እየሰፋ ይወርዳል። ጥቅጥቅ ተደርጎ የተሞላ የስንዴ ጆንያ ቀጥ ብሎ ይቆማል አይደል? ጎኑን ከቀደድከው ግን ይተኛል። ያንተ ንጣፍ በታች በኩል ጠርዝ ስለሌለው ጎኑ ተቀዷል። በዚህ ላይ ሲሚንቶ ተጨመረበት። ሲሚንቶ አይታጠፍም፤ ከስሩ ያለው ትንሽ ሲንቀሳቀስ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ ውሃ ይገባል። ጎማ ሲመጣ ድንጋዩ ይጫናል፣ ከስር ያለው ውሃ መሄጃ ሲያጣ ወደ ላይ ይተፋል። ሲተፋ ባዶውን አይወጣም፣ የአሸዋውንና የአፈሩን ደቃቅ ይዞ ነው። ጎማው ሲያልፍ ድንጋዩ ይነሳና እንደገና ውሃ ይስባል። መኪናህ በገባና በወጣ ቁጥር ከስር እየተጠረገ ባዶ ይሆናል፣ ድንጋዩም ወደ ባዶው ይወርዳል። አሸዋ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሰመጠ ብለህ ሁለት ካሬ አንስተህ ታስተካክል ነበር። ሲሚንቶ የሞሉልህ ሰዎች ችግሩን ደፍነው ነው የሄዱት። ይሄን ዓይነት ሥራ ሳይ ያንገበግበኛል፤ ሰው ገንዘቡን ሁለቴ ይከፍላል።

ስለዚህ ሁሉም ይነሳል። ከጥቅምት በኋላ ጀምርና በልጉ ሳይመጣ ጨርስ። በድጅኖ ከታችኛው ጫፍ አንሳ። ሲሚንቶውን ለማራገፍ ድንጋዩን የአሸዋ ክምር ላይ አስቀምጠህ በእስካርፔሎ (በድንጋይ መሮ) እና በመዶሻ መጋጠሚያውን ምታው፤ ብዙ ጊዜ ቁርጥ ብሎ ይወርዳል። ግን መነፅር ሳታደርግ አንድም ምት እንዳትመታ። የባዛልት ስንጣሪ እንደ ምላጭ ነው፣ ዓይን ደግሞ አይተካም። ርካሹ እስካርፔሎ አናቱ ቶሎ ይጨፈለቅና ከራሱም ብረት ይፈናጠራል፤ አናቱ የተተረተረውን ሞርደው ወይ ጣለው። አጠገብህ ድንጋይ የሚያቀብልህ ልጅ ካለ ለእሱም መነፅር ግዛለት።

የጸዳውን በቁመት ለይ፦ ስምንት፣ ዘጠኝ፣ አስር ሳንቲሜትር። ይህን ሥራ የሚዘል ብዙ ነው፣ የንጣፉ ውበትም ጥንካሬውም ያለው ግን እዚህ ላይ ነው። በአንድ ረድፍ አንድ ቁመት ይግባ። አሮጌ ድንጋይ ፊቱ ለስልሶ ያዳልጣል፤ የደሴ ዳገት ላይ ይሄ ቀልድ አይደለም። ታችኛው ፊት እንደ ላይኛው ሰፊ ከሆነ ገልብጠው። ወደ ታች የጠበበውን ግን አትገልብጥ፣ መገጣጠሚያው ይሰፋብሃል። በአስር በአስሩ ድንጋይ አንድ ካሬ 80 ገደማ ይፈጃል። የሚሰበር ስለማይጠፋ ትርፍ ያዝ።

መሬቱን ጭቃው አልቆ ጠንካራ እስክታገኝ ቆፍር። በላይኛው ጎን አርባ ሳንቲሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ አውጣና ቀዳዳ ያለው ቱቦ አስተኝተህ 02 የሚባለውን የተፈጨ ጠጠር ሙላበት። ጫፉን ወደ መንገዱ ፍሳሽ አውጣ፣ ወደ ጎረቤት ግን አትልቀቀው። አሸንዳውንም ወደዚያው አዙር። ከዚያ ሃያ ሳንቲሜትር ገረጋንቲ በሁለት ዙር፣ ውሃ እየረጨህ፣ በኮምፓክተር፣ ማለትም በመጠቅጠቂያው ማሽን፣ ጠቅጥቅ። ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ ጥቁር አፈር ያለህ አንባቢ ሠላሳ አድርገው። የኮምፓክተር ኪራይ ለመቆጠብ በእግር የሚረግጡ አሉ፤ ውጤቱን አንተ አይተኸዋል።

ጠርዙን ከንጣፉ በፊት ሥራ። ሲሚንቶ የሚያስፈልገው እዚህ ብቻ ነው፤ በሁለቱም ጎንና በታችኛው ጫፍ የጠርዝ ድንጋይ በኮንክሪት ትከል። በታችኛው ጠርዝ ስር ውሃ መውጫ ተው።

አሸዋው አራት ሳንቲሜትር ይበቃል፣ ሻካራ ይሁን። የምትገዛውን በጠርሙስ ከውሃ ጋር በጥብጠህ አስቀምጠውና ነገ እየው፤ ከላይ የሚተኛው ጭቃ ከአሸዋው ከአስር አንድ እጅ ከበለጠ መልስለት። ጭቃ የበዛበት አሸዋ ስለሚረክስ ነው የሚገዛው፤ ያንተም ንጣፍ ስር ይኸው እንዳለ እገምታለሁ።

ሲባጎ ወጥር፣ ከታች ጀምረህ ወደ ዳገቱ ውጣ። ረድፉ የመኪናውን መንገድ አቋርጦ ይሂድ፣ የአንዱ ረድፍ መገጣጠሚያም ከሚቀጥለው ረድፍ መገጣጠሚያ ጋር በአንድ መስመር አይግጠም። በየሜትሩ ሁለት ሳንቲሜትር ወደ አንድ ጎን አዘንብለው። በኮምፓክተር ሲመታ ስለሚወርድ፣ ከፈለግከው ከፍታ አንድ ሳንቲሜትር ከፍ አድርገህ ጀምር። ድንጋዩ ዝቅ ካለ በጎኑ አሸዋ አትወትፍ፤ አውጣውና ስሩን ሙላ። የማይገባውን በመዶሻ ስትቀርጽ፣ አሁንም እደግመዋለሁ፣ መነፅር! በግራይንደር ከቆረጥክ ድንጋዩን አስቀድመህ አርጥበው፣ አፍንጫህንና አፍህንም ሸፍን።

በመጨረሻ መገጣጠሚያውን ዜሮ ዜሮ በሚባለው ደቃቅ ጠጠርና በአሸዋ በመጥረጊያ እየጠረግክ ሙላ፣ በኮምፓክተር ሁለት ሦስቴ እለፍበት፣ እንደገና ሙላ። በልጉ ሲጀምር መገጣጠሚያው ትንሽ ይጎድላል፤ ድንጋዩ መነቃነቅ ሳይጀምር ጨምርበት። እስከዚያው ድንጋይም አሸዋም የጫነ አይሱዙ ቢመጣ ከበር ውጭ ያራግፍ።