የጓሮ ንብ የጎረቤት ልጅ ቢነድፍ ተጠያቂው ማነው?

ጥያቄ፦ የምኖረው ጅማ፣ ጅሬን ነው። ከጎረቤት አጥር ሥር 3 ዘመናዊ ቀፎዎች አሉኝ። ባለፈው ሳምንት ቀትር ላይ ማር ስቆርጥ ንቦቹ የጎረቤቴን ልጅ ነደፉት። አባቱ የሕክምናውን ወጪ እንድከፍልና ቀፎዎቹን እንዳነሣ ይጠይቃል። «በገዛ ግቢዬ ነው፤ ጥፋት የለብኝም» ብል ያስኬደኛል?

መልስ፦ አያስኬድዎትም። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2071 መሠረት የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ ጥፋት ባይኖርበትም፣ እንስሳው በድንገት ቢያመልጥም። ነፃ የሚያወጣዎት የተጎጂው የራሱ ጥፋት ነው፤ ቀፎውን በድንጋይ መትቶ እንደሆነ ማለት ነው። ንቦቹ የእርስዎ መሆናቸውን ማስረዳት የከሳሹ ድርሻ ነው። የዱር ንብ ጣሪያና ዛፍ ላይ በሚሰፍርበት አገር ይህ ቀላል ክርክር አይደለም፤ እርስዎ ግን ማር እየቆረጡ ስለነበር ባይክዱ ይሻላል።

ስለዚህ የሕክምናውን ደረሰኝ ተቀብለው ይክፈሉ። ስምምነቱን በጽሑፍ አድርጉት፤ ምስክሮች ይፈርሙበት፤ ክፍያው የዚህን ጉዳት ጥያቄ ሁሉ የሚዘጋ መሆኑ በግልጽ ይጻፍ። ካልተስማማችሁ አባትየው ጉዳቱ ከደረሰ 2 ዓመት ድረስ መክሰስ ይችላል።

ቀፎዎቹን ስለማንሣት፦ የዚሁ ሕግ ቁጥር 1225 ባለሀብት በመብቱ ያላግባብ ተጠቅሞ ጎረቤቱን እንዳያውክ ይከለክላል፤ ጭስንም በስሙ ይጠቅሳል፤ ለንብ የሚያጨሱት ወደ ሰው ቤት ከገባ ይህም ያስወቅስዎታል። የንብ ሀብት ልማትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 660/2002ን ቢጠቅሱም ለጎረቤት ካለብዎት ኃላፊነት አያድንዎትም። ቀበሌውንና የግብርና ጽሕፈት ቤቱን በጽሑፍ ይጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበሉ። ቤቱ የኪራይ ከሆነ የአከራዩን ፈቃድ አስቀድመው ያግኙ።

ዋናው ስህተት ግን የቦታና የሰዓት ነው። ቀትር ላይ ሰው ሁሉ ውጭ ነው፣ የተቆጣ ንብም የሚያገኘውን ይነድፋል። ማር የሚቆረጠው አመሻሽ ላይ ነው፤ ጎረቤት ቀድሞ ይነገረው፣ ልጆችም ቤት ይግቡ። የቀፎውን መግቢያ ከአጥሩ ያዙሩ። ከፊቱ 2 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ጥቅጥቅ ያለ አጥር ወይም ተክል ይኑር፤ ንቡ ከሰው ራስ በላይ ከፍ ብሎ እንዲበር ያስገድደዋል። ውኃ በግቢዎ ያኑሩ፤ ካጣ የጎረቤት ቧንቧ ላይ ይሄዳል።

ቀፎውን በአንድ ጊዜ 10 ሜትር አያርቁት፤ አበባ ቀሳሚዎቹ ንቦች ወደ ድሮው ቦታ ተመልሰው ይንከራተታሉ፣ አጥሩ ሥርም ይከማቻሉ። ወይ በየቀኑ ከ1 ሜትር ባልበለጠ ርቀት ያንቀሳቅሱት፤ ወይም መግቢያውን አየር በሚያስገባ ወንፊት ዘግተው በምሽት ከ5 ኪሎ ሜትር በላይ ያርቁት። ልጁ ዳግም ተነድፎ ፊቱ ቢያብጥ ወይም መተንፈስ ቢያቅተው፣ ክርክሩን ትታችሁ ወዲያውኑ ሆስፒታል አድርሱት።