የሰዓት ክዳን አልከፈት ሲል፦ ጥያቄና መልስ ከደሴ

ሰላም፣ እንዴት ከረማችሁ? ደሴ ላይ ሰዓት እጠግናለሁ። ወደ እኔ ከሚመጡት ሰዓቶች ብዙዎቹን የጎዳቸው ዕድሜ አይደለም። የኋላ ክዳናቸውን ለመክፈት የተደረገ ትግል ነው። ስለዚህ እየተሽከረከረ ስለሚከፈተው ክዳን የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር።

ከኮምቦልቻ፦ ጋሼ፣ የአባቴ ሴኮ ፋይቭ ነው። አባቴ ካረፈ ወዲህ ከሳጥን አልወጣም። ክዳኑን በመቀስ ጫፍ ስሞክር ጫርኩት። አሁን እጄ ፈራ። ምን ላድርግ?

አብሽሪ እህቴ። መቀሱን ግን አስቀምጪው። መቀስ የሚይዘው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ገፋ ስታደርጊው ያመልጣል። ክዳኑ የሚፈልገው ጉልበት ሳይሆን በደንብ መያዝ ነው።

ከሁሉ በፊት የክዳኑን ጽሑፍ በስልክሽ ፎቶ አንሺው። ሴኮ ፋይቭ መሠራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። በቆዩት ሴኮዎች ላይ የመለያ ቁጥሩ የመጀመሪያ አሃዝ የተሠራበትን ዓመት የመጨረሻ አሃዝ ይነግርሻል፤ ሁለተኛው ደግሞ ወሩን። 83 ብሎ ከጀመረ በ8 በሚያልቅ ዓመት፣ በማርች ወር ተሠርቷል ማለት ነው። ይህ በጭረት እንዲጠፋብሽ አልፈልግም።

ከዚያ ማሰሪያውን አውልቂ። በክዳኑና በአካሉ መካከል ያለውን ቀጭን መስመር በስቴኪኒ ዙሪያውን ጥረጊው፣ በደረቅ የጥርስ ብሩሽም ጨርሺው። እንደ ጥላሸት ያለ ነገር ይወጣል። ላብ፣ የቆዳ ቅባትና አቧራ አብረው የተጋገሩ ናቸው። አንዳንዱ ክዳን ይህ ብቻ ሲነሳለት እሺ ይላል።

አሁን የጎማ ኳስ ፈልጊ፣ ልጆች የሚጫወቱባትን። እጅሽም ኳሱም ክዳኑም ደረቅ ይሁን። ኳሱን ክዳኑ ላይ ጫን አድርገሽ ወደ ግራ አዙሪ። እምቢ ካለ ባለ ሦስት እግር የክዳን መክፈቻ ያስፈልጋል። እግሮቹ ክዳኑ ጠርዝ ላይ ባሉት ጎድጓዶች ውስጥ እኩል መግባት አለባቸው። ሰዓቱን ጨርቅ አልብሰሽ በመያዣ አጥብቂው። ስታዞሪ ከማዞሩ ይልቅ ወደ ታች መጫኑ ይበልጥ። መጀመሪያ ለአፍታ ወደ ቀኝ፣ ለማጥበቅ ያህል፤ ከዚያ ወደ ግራ። የተጣበቀው ነገር የሚሰበረው በዚያች መነቅነቅ ነው።

ሥራ ስጀምር የአንድ ሽማግሌ ሰዓት ላይ ማሰሪያውን ሳላወልቅ ገባሁበት። ሰዓቱ ተንጋደደ፣ መክፈቻው አመለጠኝና ከጠርዝ እስከ መሐል ጫርኩት። ሽማግሌው ምንም አላሉኝም። በአውራ ጣታቸው ጭረቱን ዳሰሱት፣ ደግመው ዳሰሱት። ከዚያ ወዲህ ማሰሪያ ሳላወልቅ ክዳን ነክቼ አላውቅም።

ከወልዲያ፦ የእኔ ክዳን ምንም ጎድጓዳ የለውም። ከየት በኩል ልያዘው?

ወንድሜ፣ የአንተ ምናልባት የሚሽከረከር ላይሆን ይችላል። ዙሪያውን እያየህ ጥፍር የምታስገባ ትንሽ ክፍተት ፈልግ። ካገኘህ ተጭኖ የሚገጥም ክዳን ነው፤ ከዚያች ቦታ በቀስታ ይፈነቀላል። አራት ብሎን ካየህ ደግሞ ብሎኖቹን ነው የምትፈታው። ጠርዙ ዙሪያውን በደቃቅ መስመር የተቦረቦረ ከሆነ፣ እንደ ሮሌክስ፣ ለእሱ የተሠራ መክፈቻ አለው። ጥርሱ ካልገጠመ አትንካው።

ከባቲ፦ የእኛ አገር ሙቀት ነው የሚያጣብቀው?

ሙቀቱ ላብ ያመጣል፣ ላቡ ጨው ይተዋል። ጨው ክዳኑ በሚጠመዘዝበት ጥርስ ውስጥ ሲቆይ ብረቱን ይበላል። ነሐስ ላይ የተለበጠ ርካሽ ሰዓት ይብስበታል። ውሃ እንዳይገባ ክዳኑ ሥር የሚደረገው ቀለበት ጎማም በጊዜ ብዛት ይደርቃል ወይም ይቀልጥና እንደ ሙጫ ይይዛል። በባቲ የሰኞ ገበያ ቀኑን ሙሉ የዋለ ሰዓት ማታ በረጠበ ጨርቅ ቢጠረግ ብዙ ይድናል። ውሃ የሚያስገባ ከሆነ ግን ጨርቁ በደንብ ይጨመቅ።

ከሐይቅ፦ የዝገት ዘይት ልንፋበት?

አትንፋ! የደከመ ጎማ ካለ ዘይቱ ቀጥታ ማሽኑና ቁጥሮቹ ያሉበት ገጽ ላይ ይደርሳል። የግድ ከሆነ በመርፌ ጫፍ አንድ ጠብታ መስመሩ ላይ አድርገህ አሳድረው። እኔ ከዚያ በፊት ሙቀት እሞክራለሁ። የፀጉር ማድረቂያ ከራቅ አድርገህ፣ እጅህ የሚችለውን ያህል ብቻ። እሳት ግን በፍጹም። የድሮ ሰዓቶች መስታወት ብዙ ጊዜ ፕላስቲክ ነው፣ ይጣመማል።

ከደሴ፣ ሰኞ ገበያ፦ ጎድጓዶቹ ተበልተው አልቀዋል። ጋራዥ ያለ ጓደኛዬ ዳዶ በሱፐር ግሉ ለጥፈህ በቁልፍ ፍታው አለኝ። እውነት ነው?

እውነት ነው፤ እኔም መጨረሻ ላይ የማደርገው እሱን ነው። ክዳኑን በአልኮል አጽዳ፣ ሰፊ ዳዶ መሐሉ ላይ ለጥፍ፣ እስኪደርቅ አሳድር። ሙጫው ወደ መስመሩ ከወረደ ግን ችግሩን እጥፍ አደረግኸው። ክዳኑ መስታወት ከሆነ አይሞከርም። የቀረውን ሙጫ አሴቶን ያስለቅቀዋል፤ ክዳኑን ከሰዓቱ ለይተህ፣ ጎማውንም አውጥተህ ብቻ ተጠቀም። አሴቶን ጎማንም የፕላስቲክ መስታወትንም ይበላል።

ከኮምቦልቻ፦ ደሴ ስወጣ የሰዓቴ መስታወት ጤዛ ይይዛል። ኮምቦልቻ ስመለስ ይጠፋል። ልተወው?

አትተወው። እርጥበት ገብቷል ማለት ነው። ኮምቦልቻ ሲሞቅ አየሩ ውስጥ ተደብቆ ይቆያል፤ የደሴ ብርድ ሲነካው መስታወቱ ላይ ይቋጠራል። ጠፋ ብለህ ስትረሳው ብረቱ ይዝጋል። ክዳኑ ተከፍቶ ይድረቅ፣ ጎማው ይቀየር።

ከኮምቦልቻ፣ ያቺው የሴኮዋ ባለቤት፦ ጋሼ፣ በኳሱ አልሆነም፣ በባለ ሦስት እግሩ ተከፈተ! ጎማው ግን እንደ ሬንጅ ሆኗል።

እሰይ! ጎማውን በስቴኪኒ ልቀሚው፤ በብረት አይሁን። ስብርባሪው ማሽኑ ላይ እንዳይወድቅ ሰዓቱን አዘንብይው። በልኩ አዲስ ጎማ አድርጊ፣ በጣትሽ ስስ የሲሊኮን ቅባት ቀቢው። ስትዘጊ ክዳኑን መጀመሪያ ወደ ግራ አዙሪ፣ ጥርሱ ቦታውን ሲያገኝ ጠለቅ ሲል ይሰማሻል። ከዚያ ወደ ቀኝ። በጣት ከጠበቀ በኋላ በመክፈቻው ትንሽ ብቻ ጨምሪበት። ማሽኑ ውስጥ ግን ዘይት እንዳትጨምሪ። የድሮው ዘይት ደርቆ ይሆናል፤ ተፈትቶ መታጠብ አለበት። እስከዚያ እጅሽ ላይ አታድርጊው፣ ደሴ ስትመጪ ይዘሽው ነይ።