ጠርሙሱ እና ቀጠሮው

የተከበሩ የጤና አምድ አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 52 ነው፤ የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ስኳር እንዳለብኝ ካወቅሁ ስድስት ዓመት ሆኖኛል፤ ሜትፎርሚን 1000 ሚሊ ግራም ጠዋትና ማታ እወስዳለሁ። ባለፈው ዓመት ታናሽ ወንድሜን አዲስ አበባ ቀበርኩ። የትልቁ አንጀት ካንሰር በ46 ዓመቱ ነበር የተገኘበት። ከዚያ በፊት ደም ሲያይ «ኪንታሮት ነው» እያለ ዓመት ያህል ለማንም ሳይናገር ቆይቷል።

ልጄ ሜትፎርሚን ከፕሮባዮቲክ (ለአንጀት ይጠቅማሉ ከሚባሉ ሕያው ባክቴሪያዎች) ጋር ሲወሰድ ይህን ካንሰር ይከላከላል የሚል ጽሑፍ አንብባ፣ «ሃምሳ ቢሊዮን» ተብሎ የተጻፈበት ጠርሙስ በ38 ዶላር ገዛችልኝ። ማቀዝቀዣው በር ውስጥ፣ ከንጥር ቅቤው አጠገብ አስቀምጬዋለሁ። በዚያው በር ላይ በውጭ በኩል ደግሞ ሐኪሜ ያዘዘችልኝ የኮሎኖስኮፒ (ትልቁን አንጀት በካሜራ የማየት ምርመራ) ወረቀት ከተለጠፈ ሦስት ወሩ ነው። እውነቱን ልንገርዎ፣ ምርመራው ያሳፍረኛል። ሁለቱን አብሬ ከወሰድኩ እሱን ብተወውስ? ጿሚ ነኝና ከጾም ጋርስ ይስማማኛል?

የፈራችው እኅትዎ

መልስ

እግዚአብሔር ያጽናዎት። ወደ ጠርሙሱ እመለሳለሁ፤ መጀመሪያ ግን በደብዳቤዎ መካከል እንደዋዛ ያለፉትን ቁጥር ላንሳ። 46።

እዚያ አሜሪካ ሐኪሞች የሚከተሉት መመሪያ በቤተሰቡ ይህ በሽታ የሌለበት ሰው በ45 ዓመቱ መመርመር እንዲጀምር ያዛል። ወላጁ፣ ወንድሙ፣ እኅቱ ወይም ልጁ 60 ሳይሞላው የታመመበት ሰው ግን በ40 ዓመቱ፣ ወይም ሕመምተኛው በታመመበት ዕድሜ ላይ አሥር ተቀንሶ፣ ከሁለቱ በሚቀድመው ይጀምራል፤ ከዚያም በየአምስት ዓመቱ ይመረመራል። የእርስዎ ቁጥር 36 ነው። አሁን 52 ነዎት። በዚህ ላይ ስኳር ራሱ የዚህን ካንሰር ዕድል ከፍ ያደርጋል። እንግዲህ በርዎ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ሊቀር የሚችል አይደለም።

ልጅዎ ያነበበችው ከባዶ የመጣ ወሬ አይደለም፤ አይቆጧት። ኢንሱሊን ከልክ ሲያልፍ የአንጀትን ሕዋሳት «እደጉ፣ ተባዙ» ይላቸዋል። ሜትፎርሚን ጉበት የሚለቀውን ስኳር ስለሚቀንስ ኢንሱሊኑም ይረግባል። እ.ኤ.አ. በ2005 የስኮትላንድ ተመራማሪዎች የስኳር ሕሙማንን መዝገብ አገላብጠው፣ ሜትፎርሚን የሚወስዱት በካንሰር የመያዛቸው ዕድል አነስ ብሎ እንዳገኙት ጻፉ። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ጃፓኖች ስኳር የሌለባቸውን፣ ፖሊፕ (አንጀት ውስጥ የሚበቅል ትንሽ እባጭ) ተቆርጦ የወጣላቸውን 151 ሰዎች ለሁለት ከፈሉ። ከዓመት በኋላ በተመረመሩት ላይ፣ በቀን 250 ሚሊ ግራም ሜትፎርሚን ከወሰዱት 38 በመቶው፣ አስመሳይ ኪኒን ከወሰዱት ደግሞ ከ56 በመቶ በላይ የሚሆኑት እንደገና ፖሊፕ ተገኘባቸው። (እርስዎ የሚወስዱት የእነሱን ስምንት እጥፍ ነው። ይህ ማለት ስምንት እጥፍ ተጠበቁ ማለት አይደለም።)

መልካም ዜና ነው፤ ግን ቁጥሩን ደግመው ይዩት። መድኃኒቱን ከወሰዱት ከመቶ ሠላሳ ስምንቱ ፖሊፕ ነበራቸው። ይህንንም ያወቁት በኮሎኖስኮፒ ነው።

ፕሮባዮቲኩ ላይ ማስረጃው ይሳሳል። ሜትፎርሚን የአንጀትን ባክቴሪያ እንደሚለውጥ ስለታወቀ «ጥሩ ባክቴሪያ ብንጨምርበትስ?» የሚለው ሐሳብ ተወለደ፤ ሁለቱ ሲጣመሩ ስለሚያደርጉት የሚወራው ግን ባብዛኛው ከአይጥ ላይ ሙከራ የመጣ ነው። አይጥ ደግሞ ወንድም አልቀበረችም። ጠርሙሱን አዙረው በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን ያንብቡ፤ ብዙዎቹ ላይ «ማንኛውንም በሽታ ለመከላከልም ሆነ ለማዳን የተዘጋጀ አይደለም» የሚል አለ። ሌላ ሕመም ከሌለብዎት ሊጎዳዎት አይችልም ለማለት የሚቀርብ ነገር ነው፤ ኬሞቴራፒ ላይ ላለ ሰው ግን ያለ ሐኪም ፈቃድ አይሰጥም። ገንዘቡ ወጥቷልና ይጨርሱት፤ ሁለተኛውን ግን አይግዙ። እርጎ አለልዎ። እንጀራውም የቦካ ነው፤ ባክቴሪያው ግን ምጣድ ላይ ይሞታል። ምስሩና ገብሱ ደግሞ አንጀትዎ ውስጥ ላሉት ቀለብ ናቸው።

ጾምን ያነሱት ጥሩ አደረጉ። ሜትፎርሚን ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ የቢ12 ቫይታሚንን መጠን ያወርዳል፤ ጿሚ ደግሞ ቢ12 የሚያገኝባቸውን ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ትቶ ወራት ይቆያል። ሁለቱ ሲደራረቡ እግር ይደነዝዛል፣ መርፌ መርፌ ይላል፣ ሰውም «ስኳሩ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ሐኪምዎን የቢ12 የደም ምርመራ ይጠይቋት።

ስለ ኀፍረቱ። ምርመራው አብዛኛውን ጊዜ በማስተኛ መድኃኒት ነው የሚደረገው፤ ሲነቁ አልቋል። ከባዱ የዋዜማው ሌሊት ነው፤ አንጀት የሚያጥበውን መጠጥ ጠጥቶ ሲመላለሱ ማደር። ወላጆቻችን ኮሶ ጠጥተው ችለውታል፤ የዚህኛው ጣዕም ከኮሶ ይሻላል። ሐኪሙ ፖሊፕ ካገኘ እዚያው በቀጭን የሽቦ ቀለበት ቆርጦ ያወጣዋል። ፖሊፕ ወደ ካንሰር እስኪለወጥ ብዙ ጊዜ ዓመታት ይፈጅበታልና፣ መከላከል የሚባለው ይህ ነው። የዋዜማው ቀን ምግብ ስለማይበሉ ሜትፎርሚኑን እንዴት እንደሚወስዱ ቀጠሮ ሲይዙ አብረው ይጠይቁ።

ወንድምዎ ልጆች ካሉት ደግሞ የእነሱም ቁጥር 36 ነው። ስልክ ሲደውሉላቸው ይንገሯቸው፤ ደም ካዩ ግን 36ን አይጠብቁም።