ፒችትሪና የድሮ ግዕዝ ፎንት ያለበት ዴስክቶፕ ፎርማት ሳይደረግ ወደ ኤስኤስዲ ሲዛወር

ሰላም እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ ነው ያነበብኩት። የአባትሽ ቢሮ ኮምፒውተር ዴል ኦፕቲፕሌክስ 780፣ ዊንዶውስ 10፣ ተነስቶ እስኪከፍት ሩብ ሰዓት የሚፈጅ 500 ጊጋ ሃርድ ዲስክ፣ አንቺ ደሞ 240 ጊጋ ክሩሻል ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ነገር የሌለው ፈጣኑ ዲስክ) ገዝተሻል፣ ጥገና ቤቱ "ፎርማት አድርጌ ዳታውን በፍላሽ እመልስልሻለሁ" አለሽ፣ የሂሳብ ፕሮግራሙ ፒችትሪና አባትሽ በድሮው የአማርኛ መፃፊያ በፓወር ግዕዝ የፃፏቸው ደብዳቤዎች አስጨንቀውሻል። ጭንቀትሽ ልክ ነው። እባክሽ ፎርማት እንዳታስደርጊ። አንቺን የሚያስፈልግሽ ክሎን ነው፣ ማለትም ዊንዶውሱ ከነፕሮግራሙ ከነፎንቱ ከነሴቲንጉ እንዳለ ወደ አዲሱ ይገለበጣል፣ አባትሽ ጠዋት ሲከፍቱት ያው የራሳቸው ኮምፒውተር ነው፣ ፈጥኖ ብቻ ነው የሚጠብቃቸው።

ይሄን ያህል አጥብቄ የምለው ያየሁት ስላለ ነው። አዳማ እያለሁ የሰፈራችን እድር ፀሐፊ ኮምፒውተራቸው ተንቀራፈፈባቸውና አንድ ጥገና ቤት ወሰዱት፣ ልጁ ዶክመንቱን በሙሉ በፍላሽ አውጥቶ ፎርማት አድርጎ መለሰላቸው። አንድም ፋይል አልጠፋም። ግን የአባላት ዝርዝሩን ሲከፍቱት የእድሩ ስም መሆን ያለበት የመጀመሪያው መስመር ላይ የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ባለ ነጥብ ፊደል፣ የጥያቄ ምልክት ተደበላልቆ ተደርድሯል። ሰውየው መነፅራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጠረጉና እንደገና አዩት። የአስራ ምናምን ዓመት መዝገብ ነው። ነገሩ ምን መሰለሽ፣ የኛ ፊደል ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደል ኮድ) ውስጥ የገባው በ1999 እንደ ፈረንጆቹ ነው፣ ከዛ በፊት የተሰሩትና ከዛ በኋላም ለብዙ ዓመት ቢሮዎች ሲሰሩባቸው የቆዩት ፎንቶች በላቲን ፊደሉ ኮድ ላይ የአማርኛውን ቅርፅ ነው የሚያስቀምጡት፣ ስለዚህ ፎንቱ ከሌለ ፋይሉ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ማንም አያነበውም። ሶስት ቀን ዞረን በመጨረሻ አንድ የድሮ ፅህፈት ቤት ኮምፒውተር ላይ ያንኑ ፎንት አገኘነውና ስንጭነው ዝርዝሩ ስም በስም ተመለሰ። ፎንቱን ባናገኘውስ? ለዛ ነው ክሎን የምልሽ፣ ክሎን ብታደርጊም መጀመሪያ በእጅሽ ኮፒ አድርጊ የምልሽም ለዛ ነው።

እና መጀመሪያ፦ ሲ ላይ ዊንዶውስ ውስጥ ያለውን የፎንትስ ፎልደር በሙሉ ኤክስተርናል ላይ ገልብጪ፣ መጠኑ ትንሽ ነው። ከዛ ፒችትሪን ክፈችና ፋይል ከሚለው ውስጥ ባክአፕ በይው፣ የሚወጣው ፋይል መጨረሻው ፒቲቢ ይላል፣ ካንድ በላይ ካምፓኒ ካላቸው ለእያንዳንዱ ለየብቻ ነው የሚሰራው፣ ብዙ ሰው አንዱን ብቻ ወስዶ ሌላውን ይረሳል። የዳታ ፎልደሩን ደሞ ፒችትሪ ተዘግቶ እያለ ለብቻው ኮፒ አድርጊ፣ ክፍት እያለ ከተገለበጠ የተበላሸ ኮፒ ልትይዢ ትችያለሽ። ዴስክቶፑና ዶክመንትስ ላይ ያለውንም ጨምሪ። ይሄን ሳትጨርሺ ስክሩ እንዳትፈቺ።

ሁለተኛው የዲስኩ ጤንነት ነው። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፣ ሰማያዊ ካሳየ ቀጥይ። ቢጫ ከሆነ ወይ ዲስኩ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ካለው መነበብ ያቃታቸው ቦታዎች ሊኖሩት ይችላሉ፣ ክሎኑ መሃል ላይ ሊቆም ይችላል፣ "ቼክ ዲስክ (የዊንዶውሱን የዲስክ መፈተሻ) አርጊበት" የሚልሽ ሰው ካለም አትስሚው፣ የደከመ ዲስክን ይብስ ያለፋዋል።

መጠኑ ላይ ደሞ፣ 240 የሚለው ዊንዶውስ ላይ 223 አካባቢ ሆኖ ነው የሚታየው። አንቺ ሲና ዲ ተደምሮ 310 ጊጋ ሞልቷል ብለሻል፣ አይገባም። የዲ ቪዲዮና ፎቶ መውጣት አለበት፣ ጠቅላላው ወደ 170 ቢወርድ ጥሩ ነው፣ ኤስኤስዲ አፉ ድረስ ሲሞላ አይወድም። ግን ከሃርድ ዲስኩ ከማጥፋትሽ በፊት ሁለት ቦታ ይቀመጥ፣ አንዱ ኤክስተርናል አንዱ ላፕቶፕ፣ የቤተሰብ ፎቶ አንድ ቦታ ብቻ አይተውም።

አሁን ወደ ስራው። 780 ዩኤስቢው 2.0 ብቻ ስለሆነ ኤስኤስዲውን የምትሰኪው በዩኤስቢ አዳፕተር ከሆነ በሰከንድ ሰላሳ ምናምን ሜጋ ነው የሚሄደው፣ ለ170 ጊጋ ሰዓት ተኩል ገደማ ጠብቂ። አዳፕተር ከሌለሽ መግዛት አያስፈልግም፣ ሶኬቱን ነቅለሽ፣ የኬዙን ብረት ነካ አርገሽ፣ ከዲቪዲው የዳታውንና የፓወሩን ኬብል ነቅለሽ ኤስኤስዲው ላይ ሰኪ (ዲቪዲው ቀጭኑ የላፕቶፕ አይነት ከሆነ ፓወሩ አይገጥምም፣ በግድ እንዳትገፊው)። ኤስኤስዲው ለጊዜው እዛው ኬዙ ውስጥ ወለሉ ላይ ቢቀመጥ ችግር የለውም፣ ውስጡ የሚሽከረከር ነገር የለውም። ሶፍትዌሩ ክሩሻል ስለገዛሽ በነፃ ነው፣ አክሮኒስ ፎር ክሩሻል የሚባለውን ከካምፓኒው ሳይት አውርጂ፣ ከማይታወቅ የቴሌግራም ቻናል ክራክ የተደረገ እንዳታወርጂ፣ የሂሳብ ቢሮ ኮምፒውተር ነው። ከፍተሽ ክሎን ዲስክ፣ አውቶማቲክ፣ ከዛ መጀመሪያ ሶርስ ይጠይቅሻል እሱ አሮጌው ነው፣ ቀጥሎ ዴስቲኔሽን እሱ አዲሱ ነው።

እዚች ጋ ቆም በይ። በ2011 ዓ.ም ሁለት እኩል 500 ጊጋ ዲስክ ሰክቼ በመጠናቸው ብቻ አይቼ አቅጣጫውን ገለበጥኩት፣ ባዶው በሙሉው ላይ ተፃፈበት፣ የአንድ ቤተሰብ የሰርግ ፎቶ ሄደ። እስከዛሬ ሰዎቹን ሳገኝ አፍራለሁ። ያንቺ 500 እና 240 ስለሆነ መለየቱ ቀላል ነው፣ ግን የዲስኩን ስም ጮክ ብለሽ አንብቢና ነው ኦኬ የምትይው። ሪስታርት ላድርግ ካለ እሺ በይው። መብራት ቢጠፋስ ላልሽው፣ አሮጌው ላይ ማንበብ እንጂ መፃፍ የለም፣ ሲመጣ ከመጀመሪያው ትጀምሪዋለሽ በቃ።

ሲያልቅ ዝጊውና ሳትከፍቺው አሮጌውን ሃርድ ዲስክ ንቀይ። ይሄን ብዙ ሰው አያውቀውም፣ ሁለቱ አንድ አይነት መለያ ስለሚኖራቸው አብረው ከተነሱ ዊንዶውስ አንዱን ኦፍላይን ሊያደርገው ወይ የድራይቭ ፊደሉ ሊዘበራረቅ ይችላል። ኤስኤስዲውን አሮጌው የነበረበት ኬብል ላይ አርጊና ብቻውን ክፈችው።

ብሉ ስክሪን ካመጣ አትደንግጪ፣ ብዙ ጊዜ ባዮስ (ዊንዶውስ ሳይነሳ የሚገባበት የማዘርቦርዱ ሴቲንግ) ውስጥ ሳታ ኦፕሬሽን የሚለው፣ ማለትም ዲስኩ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚነጋገርበት መንገድ፣ ተቀይሮ ነው። ኤፍ 2 ብለሽ ግቢና ድሮ እንደነበረው መልሺው፣ እንዲያውም ከመጀመርሽ በፊት ያንን ገፅ በስልክሽ ፎቶ አንሺው። ድሮ ኤኤችሲአይ (ለኤስኤስዲ የሚስማማው ምርጫ) ካልሆነ ወደ እሱ መቀየር ጥሩ ነው፣ ግን መጀመሪያ ኤምኤስኮንፊግ (የዊንዶውስ አነሳስ ማስተካከያ) ላይ ሴፍ ቡት ምረጪ፣ ሪስታርት እያደረግሽ ባዮሱን ቀይሪ፣ በሴፍ ሞድ አንዴ ከተነሳ በኋላ ምርጫውን አንሺው።

አንድ ነገር ደሞ እኛ ሃገር በጣም ያጋጥማል፦ ኮምፒውተሩ ሲከፈት ቀኑ ወደ ኋላ ሄዶ የሚገኝ ከሆነ የማዘርቦርዱ ባትሪ ሞቷል፣ ሲአር 2032 የምትባለዋ ክብ ባትሪ ናት፣ ሰዓት መሸጫም ትገኛለች። መብራት በጠፋ ቁጥር የባዮሱ ሴቲንግ ሊመለስ ይችላል፣ ዛሬ በደንብ ሰርቶ ነገ "ኤስኤስዲው ተበላሸ" ትያለሽ። አብረሽ ቀይሪያት።

ፍጥነቱን በተመለከተ ያ ማዘርቦርድ ሳታ 2 (የድሮው የዲስክ መስመር) ስለሆነ ካርቶኑ ላይ የተፃፈውን 540 ሜጋ አታገኚም፣ ግማሹን ነው። ግን ልዩነቱን የምታይው እዛ አይደለም፣ አሮጌው ትናንሽ ፋይል ለመልቀም ራሱ ከቦታ ቦታ ሲሮጥ ነው ሩብ ሰዓት የሚፈጀው፣ ኤስኤስዲ ላይ ያ የለም፣ ከደቂቃ በታች ይከፍታል።

ከዛ አባትሽ ራሳቸው ይቀመጡበት፦ ፒችትሪ ገብተው ትሪያል ባላንሱን ከድሮው ፕሪንት ጋር ያስተያዩት፣ አንድ የድሮ ደብዳቤ ከፍተው ፕሪንት ያድርጉ። አሮጌውን ዲስክ ቢያንስ አንድ ወር ሙሉ፣ የወሩን ሂሳብ እስኪዘጉ ድረስ፣ ቀን ፅፈሽበት መሳቢያ ውስጥ አስቀምጪው፣ ማንም ፎርማት እንዳያደርገው።

አሁን ለጊዜው ክሪስታሉን አውርጂና ምን ቀለም እንዳሳየሽ ስክሪን ሾት እዚሁ ላኪ፣ ቢጫ ከሆነ ሌላ መንገድ ስላለው እሱን ሳናይ ክሎኑን እንዳትጀምሪ።